ከቀዝቃዛው ክፍል የጠፋው ታኒካ

ታኒካው ቦታው ላይ የለም።

የበሩ ቁልፍ አልተሰበረም። መስኮቱም እንደተዘጋ ነው። ታኒካው ይቆምበት የነበረው የእንጨት ርብራብ ብቻ ጥጉ ላይ ባዶውን ቀርቷል። ዶክተር ጁወይሪያ ኑሕ በሩ ላይ ቆማ ርብራቡን አየችው። ከዚያ እዚያው ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አለች።

ኢንስፔክተር ራኬብ መሸሻ ከኮልፌ 18 ማዞሪያ ወረድ ብሎ ወዳለው የምርምር ማዕከል የመጣችው እየተነጫነጨች ነው። በስልክ የነገሯት «ታኒካ ተሰርቋል» ብለው ነበር። ታኒካ! ባለፈው የመኪና ስፖኪዮ፣ ከዚያ በፊት የውሃ ቆጣሪ፣ ዛሬ ደግሞ ታኒካ። ለዚህ ለዚህማ ኢንስፔክተር ምን ያደርጋል? ራኬብ ቶሎ የምትበሽቅ ሴት ናት። ያበሸቃትን ነገር ደግሞ ሥሩን ሳታይ እህል አይወርድላትም።

በር ላይ የተቀበላት የጥገና ክፍሉ ኃላፊ ደግፌ ነው። ዕድሜው ሃምሳን የተጠጋ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ሰማያዊ ቱታ የለበሰ ሰው። እጇን ስትዘረጋለት መዳፉን አልሰጣትም። ጣቶቹን ጨብጦ የእጁን አንጓ አቀበላት።

«ይቅርታ፣ እጄ ግሪስ ነው» አለ።

ራኬብ አንጓውን ጨብጣ አለፈች። የጥገና ሰው አይደል? ምን ይገርማል!

ዶክተር ጁወይሪያ አሁን ተነስታ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ሃምሳዎቹ ውስጥ ናት፤ ነጭ ጋውን፣ ግራጫ ሒጃብ፣ ትንሽ ፊት ላይ ትልቅ መነጽር።

«የጠፋው ታኒካ ብቻ ነው?» አለች ራኬብ። ድምጿ ውስጥ ያለው ንቀት ለራሷም ተሰማት።

«ታኒካ የምንለው እኛ ነን። የአልሙኒየም ዕቃ ነው፣ የወተት ማመላለሻውን ያህላል። ውስጡ ፈሳሽ ናይትሮጅን አለ፣ ከየትኛውም በረዶ የከፋ ቅዝቃዜ። እዚያ ውስጥ...» ዶክተሯ ትንፋሿን ሰበሰበች። «እዚያ ውስጥ ያለችው አልፊያ ናት።»

«ማናት አልፊያ?»

«የደም ካንሰር ያለባት ልጅ። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ከደሟ ተከላካይ ሕዋሳቷን ወሰድን። ካንሰሩን ሲያዩ እንዲያውቁት አስተማርናቸው፣ አባዛናቸው፣ አቀዘቀዝናቸው። ነገ ወደ ሰውነቷ ልንመልስላት ነበር።»

«ታዲያ ደሟን እንደገና መቅዳት ነዋ!»

«አይሆንም። ለሚመጡት ቦታ እንዲለቁ ብለን ሰሞኑን የቀሩትን ተከላካዮቿን በመድኃኒት አውርደናቸዋል። አሁን ሆስፒታል ተኝታለች፣ የሚጠብቃት ነገር የለም። ተራ ጉንፋን ሊገድላት ይችላል። ታኒካው ካልተገኘ አልፊያም የለችም።»

ራኬብ ሳትወድ ወደ ባዶው ርብራብ ዞረች። ብሽቀቷ የት እንደሄደ እንጃ፣ ጠፋ።

«ምን ያህል ይቆያሉ?»

«ካልተከፈተና ቀጥ ብሎ ከቆመ ጥቂት ቀን። ከተጋደመ ወይም ክዳኑ ከተነሳ ግን ናይትሮጅኑ ይተናል። ያኔ ሞቱ ማለት ነው።»

የክፍሉ ቁልፍ ያለው ሦስት ሰው እጅ ነው። ዶክተሯ፣ የጥገናው ደግፌና ዶክተር ያደሳ፣ ተማሪዋ የነበረ አሁን አብሯት የሚመራመር ሰው። ዘበኛው ደግሞ ሁለት ነገር ነገራት። አንደኛ፣ ትናንት ያደሳና ጁወይሪያ በጩኸት ሲነጋገሩ ሰምቷል። ሁለተኛ፣ ትናንት ከሰዓት ኢብራር የሚባለው ቁራሌው በጋሪ አንድ ከባድ ነገር ከግቢው ጭኖ ወጥቷል።

ራኬብ ከያደሳ ጀመረች።

«ትናንት ከአለቃዎ ጋር ተጣልተዋል።»

«አልተጣላንም። ተከራከርን።»

«ʻይሄ ነገር ካልቆመ እኔ አስቆመዋለሁʼ ብለዋል።»

«ብያለሁ።»

«አስቆሙታ!»

ያደሳ ቀና ብሎ አያት። ዓይኑ ቀልቷል። «አንድ ምርመራ እንድትደግም ፈልጌ ነበር። ለልጅቷ ፈርቼ ነው። ʻና ተቀመጥʼ አለችኝ። ውጤቱን ደርድራ እስኪመሽ አስረዳችኝ፣ አመንኩ። ኢንስፔክተር፣ እኔ ያንን ዕቃ ብሰርቅ የራሴን ዕድሜ ነው የሰረቅሁት። እሷን ግን ያውቋታል?»

«ዛሬ ነው ያየኋት።»

«የዚህ የኮልፌ ልጅ ናት። አባቷ ሐጂ ኑሕ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። ትንሽ ልጅ ሳለች ወድቃ ጉልበቷ ተላጠ። ሌላ ልጅ ቢሆን አልቅሶ ይረሳዋል፣ እሷ ግን ጨዋታዋን ትታ ቁስሉን ስትጠብቅ ሰነበተች። ʻዝጋ ብሎ የሚያዘው ማነው? ከዘጋ በኋላስ በቃህ የሚለው ማነው?ʼ እያለች እናቷን አሰለቸቻት። እስከ ዛሬ የምትሠራው ያንኑ ጥያቄ ነው። ሕዋሳት እርስ በርስ ምልክት ይላላካሉ። ተነሱ፣ ተዋጉ፣ ጠግኑ፣ በቃ። ካንሰር ʻበቃʼ ሲባል ያልሰማ ነው። ባሰ ደግሞ አታላይ ነው፣ ለተከላካዮቹ ʻሰላም ነው፣ ወደ ቤታችሁ ግቡʼ የሚል የሐሰት ምልክት ይልካል። ዶክተር ያንን የሐሰት ምልክት ነው ዕድሜዋን ሙሉ ያሳደደችው።»

«አገኘችው?»

«አገኘችዋ! ያውም መብራት እየሄደ፣ ጀነሬተር እየተበላሸ። የምርምር ቤት ባልነበረን ጊዜ ሕዋሳቱን በፔርሙስ አድርጋ፣ ጭኗ ላይ አቅፋ በታክሲ ታመላልስ ነበር። አንድ ቀን ረዳቱ ʻማዘር፣ ሻይ ነው?ʼ ቢላት ʻአይ ልጄ፣ እንግዶች ናቸውʼ አለችው።» ያደሳ መሳቅ ጀምሮ ሳቁን መጨረስ አቃተው። «አሁን ደግሞ የተቃጠለ ቆዳ በራሱ ምልክት መልሶ እንዲያድግ እየሠራች ነው። ጥያቄው ያው ጉልበቷ ላይ የነበረው ነው። እንዲህ ያለች ሴት ላይ ማን ይሄን ይሠራል?»

ራኬብ ከክፍሉ ስትወጣ ይህን ሰው ከተጠርጣሪዎቿ ሰርዛዋለች። የሰረቀ ሰው ስለዘረፈው ሰው እንዲህ አያወራም።

ምሳ ሰዓት ላይ ወደ ክበቡ ጎራ አለች። ደግፌ ከሥራ ጓደኞቹ ጋር ተቀምጧል። ቱታውን አውልቆ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል። ሌሎቹ አንድ ትሪ ከበው ይበላሉ፣ እሱ ሻይ ብቻ ይጠጣል። ብርጭቆውን የያዘው በግራው ነው።

«ብላ እንጂ! ምን ሆነሃል ዛሬ?» አለው አንዱ፣ ጉርሻ ጠቅልሎ እየዘረጋለት።

«አላሰኘኝም።»

ራኬብን ሲያይ ብድግ አለ። እጇን ዘረጋች። አሁንም የእጁን አንጓ ሰጣት። «አሁን ታጥቤ ነው፣ እርጥብ ነው» አለ። የሸሚዙ እጅጌ እስከ ጣቱ ወርዷል፣ ግን ደረቅ ነበር። ነገሩ ራኬብን ትንሽ ቆረቆራት። ምኑ እንደቆረቆራት ግን በጊዜው አላወቀችውም፤ ሐሳቧ ሁሉ ቁራሌው ጋ ነበር።

ኢብራርን ያገኘችው ቆሼ አጠገብ፣ ብረታ ብረት በሚለይበት አጥር ውስጥ ነው። የተጨማደደ ቆርቆሮ፣ የተፈታ አልጋ፣ የማቀዝቀዣ በር ተከምሯል። ፖሊስ መሆኗን ሲያውቅ ፈገግ አለ፣ አልደነገጠም።

«እትዬ፣ እጄ ጥሩ አይደለም» አለና መዳፉን ገልብጦ አሳያት። ጥቁር ዘይት እስከ ጥፍሩ። ከዚያ ነው አንጓውን የሰጣት።

«ትናንት ከማዕከሉ የጫንከው ምንድነው?»

«ያረጀ የፍሪጅ ሞተር። ይኸው እግርዎ ሥር ነው። ሲሰጡኝ ዘበኛው ራሱ ጋሪውን ገፍቶልኛል፣ ዛሬ ረሳኝ እንዴ?»

«አልሙኒየም ታኒካስ?»

«ኧረ እትዬ! አልሙኒየም ባገኝማ ዛሬ ፀሐይ ላይ ያገኙኝ ነበር?»

አብረዋት የመጡት ፖሊሶች ሳቁ። ራኬብ ግን አልሳቀችም። ኢብራር ገልብጦ ያሳያት መዳፍ ላይ ዓይኗ ተተክሏል።

እጁ የቆሸሸ ሰው ቆሻሻውን ያሳያል። ʻእየው፣ ንቄህ አይደለምʼ ለማለት ነው፤ ሁላችንም እንደዚያ ነን። ደግፌ ግን ግሪሱን አላሳያትም። ውሃውንም አላሳያትም። ሁለቴም ጨብጦ ነው የሰጣት። ሻዩን በግራው ይዟል። ከትሪው አልበላም፤ በቀኙ መብላት ካልቻለ በግራው እንዴት ብሎ ሰው ፊት ይበላል?

ስልኳን አወጣች።

«ዶክተር፣ ናይትሮጅኑ እጅ ቢነካ ምን ያደርጋል?»

«ያቃጥላል። ከፈላ ውሃ አይተናነስም። የሚቀዳበትን ቧንቧ በባዶ እጅ የጨበጠ ሰው ደግሞ ቆዳው እዚያው ይቀራል። ለዚህ ነው ያለ ጓንት የማንጠጋው።»

«ታኒካውን የተሸከመ ሰውስ?»

«እሱ ከውጭ አይቀዘቅዝም። የሚያቃጥለው ሲሞሉት ነው።» ከዚያ ነገሩ ለዶክተሯ ገባት። «ሌባው ተቃጥሏል? ሞልቶታል ማለት ነው? ኢንስፔክተር፣ ከሞላው እኮ እንዲሞቱ አልፈለገም!»

ደግፌን የጥገና ክፍሉ ውስጥ አገኙት። ብቻውን ነው። ዶክተር ጁወይሪያ ከራኬብ ኋላ ገባች፤ አትምጪ ብትባልም አልሰማችም።

ራኬብ እጇን ዘረጋች።

ደግፌ አንጓውን አቀበላት።

«አንጓዎን አይደለም አቶ ደግፌ። መዳፍዎን።»

አልተንቀሳቀሰም።

«መዳፍዎን።»

ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈታ። መዳፉ በጨርቅ ተጠቅልሏል፣ ጨርቁ ላይ ውሃ ቋጥሮ የፈነዳው ቁስል ተጣብቋል። ዶክተር ጁወይሪያ ሳታስበው ወደ እጁ አንድ እርምጃ ተጠጋች።

«የት ነው ያለው?» አለች ራኬብ።

«ቤቴ።»

«ከፍተውታል?»

«እዚሁ ሞልቼ ከዘጋሁት ወዲህ ማንም አልነካውም። ጓንቱ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት ነበር፣ ሰው ሳይመጣብኝ ብዬ ቧንቧውን በእጄ ያዝኩት። ሌሊት በጓሮ አወጣሁት፣ ቤት ቀጥ አድርጌ ነው ያቆምኩት። ዛሬ ማታ አንድ ድሬሰር መጥቶ ይወጋልኛል።»

«ማንን?»

ደግፌ መሬት መሬት አየ። «ዓለምን። ባለቤቴን።»

«ምን ሆና ነው?» ያለችው ዶክተሯ ናት።

«ያ በሽታ» አለ በሹክሹክታ። በክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው የለም፣ ድምፁን ግን ዝቅ አደረገ።

ራኬብ የትኛው ብላ አልጠየቀችም። ያ በሽታ እነሱም ቤት ገብቶ ያውቃል። እናቷን ʻጨጓራ ነውʼ እያሉ ዋሽተው ነው የቀበሯት።

«ካንሰር ነው?» አለች ጁወይሪያ።

ደግፌ የተመታ ይመስል ትከሻውን ሰበሰበ። «ቀስ ይበሉ እንጂ ዶክተር! የደም ነው አሉኝ፣ እንደዚያች ልጅ። ለእሷ የደም ማነስ ነው ብያታለሁ። እንዴት ይነገራታል? ብትሰማ ያን ቀን ነው የምትሞትብኝ።»

«ስንት ዘመን አብረን ሠርተናል ደግፌ። ለምን አልነገርከኝም?»

«እንዴት ብዬ? አንድ ሰው ከሰማ ግቢው ይሰማል፣ ግቢው ከሰማ ሰፈሩ፣ ከዚያ እሷ ጆሮ ነው። ደግሞስ ብነግርዎ? ታኒካው አንድ ነው። እርስዎ የራስዎን ሰፈር ልጅ መረጡ። የእኔ ዓለም ማን አላት?» እንባው መጣ። «እየሞላሁ የማኖረው እኔ ነኝ። ሌት መብራት ሲሄድ የምሮጠው እኔ ነኝ። ለእኔ ቤት ሲሆን አይደርስም?»

ጁወይሪያ ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። አልተቆጣችም። ራኬብ ይህችን ሴት ማድነቅ የጀመረችው እዚህ ላይ ነው ቢባል ውሸት አይሆንም።

«አልፊያን አላውቃትም ነበር ደግፌ። ስሟን የሰማሁት ደሟ ከመጣ በኋላ ነው። እዚያ ውስጥ ያለው ደግሞ ማንም የሚወጋው መድኃኒት አይደለም። የአልፊያ የራሷ ሕዋስ ነው። ለሌላ ሰው አልተሠራም። ዓለም ሰውነት ውስጥ ቢገባ የዓለምን ገላ ባዕድ ነው ብሎ ሊያጠቃው ይችላል።»

«ማለት?»

«ማለትማ ልትገድላት ነበር።»

ደግፌ የተቃጠለ እጁን ጭኑ ላይ ጥሎ፣ ልጅ እንደሚያለቅስ ጮኾ አለቀሰ። «አላወቅሁም» ብቻ ነበር የሚለው። «ዓለሜን! አላወቅሁም!»

የደግፌ ቤት ከእንጨትና ብረት ቤቶቹ ጀርባ፣ ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ነው። ዓለም አልጋ ላይ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። ከስታለች፣ ዓይኗ ግን ንቁ ነው። ታኒካው ቁምሳጥኑና ግድግዳው መካከል ቆሟል። እንዳይወድቅ በገመድ ከአልጋው እግር ጋር ታስሯል።

ከያደሳ ጋር የመጣችው ጁወይሪያ ተንበርክካ ክዳኑ ላይ ያለውን የሙቀት መለኪያ አነበበች።

«አልሐምዱሊላህ!» አለች። «አሉ! አሉ፣ ያደሳ፣ ምንም አልሆኑም!»

ያደሳ ገመዱን ፈትቶ ታኒካውን አቅፎ ወጣ። የፖሊስ መኪና ውስጥም ጭኑ ላይ አቅፎት ነው ወደ ሆስፒታል የሄደው፤ ከኋላ ጫነው ቢባል እምቢ አለ።

ዓለም ፖሊሶቹን አየች፣ ከዚያ ባሏን።

«ምንድነው ይሄ ሁሉ?»

«ምንም አይደል ዓለሜ» አለ ደግፌ። «የሥራ ዕቃ ነው። በስህተት ይዤው መጥቼ...»

«ደግፌ፣ ይብቃህ።»

ደግፌ ታኒካው ቆሞበት የነበረውን ባዶ ቦታ አየ።

«የደም ማነስ የለብኝም» አለች ዓለም። «ካንሰር ነው። ሐኪሙ አንተን ለብቻህ ጠርቶ ሲነግርህ መስኮቱ ክፍት ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ አውቃለሁ። ማወቄን ካወቅህ ትሰበርብኛለህ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። እየዋሸኸኝ ስታስቀኝ እስቅልህ ነበር።»

ደግፌ አልጋው ጫፍ ላይ ተንበረከከ። ዓለም ፀጉሩን ዳበሰችው። ራኬብ ወደ መተላለፊያው ወጥታ ግድግዳውን ተደገፈች። ብዙ ሌባ ይዛለች፣ እንደዚህ ያለ ሌባ ግን ይዛ አታውቅም። ሆኖም የአልፊያ ነፍስ አንድ ማታ ነበር የቀራት፣ ስለዚህ ይዛው መሄዷ አይቀርም። ይህን ለራሷ ደጋግማ ነገረችው።

ከውስጥ የዶክተሯ ድምፅ ይሰማል። የበሽታውን ስም በግልጽ እየጠራች ነው የምታወራው።

«ዓለም፣ ካንሰርሽ እንዴት ያለ እንደሆነ እኔ ራሴ መርምሬ ማየት አለብኝ። ሕዋሶችሽ ለዚህ ሥራ ይሆኑ አይሆኑ ገና አላውቅም። ቃል አልገባልሽም፣ አልዋሽሽምም። ግን ልሞክር?»

«የራሴን ነው የምትመልሺልኝ?»

«የራስሽን።»

«ይኸው እጄ» አለች ዓለም።

አልፊያ በማግስቱ ሕዋሶቿን ተቀበለች። ራኬብ ምን እንደጎተታት እንጃ፣ ሆስፒታል ሄዳ ከመስታወቱ ውጪ ቆማ አየች። ሕዋሳቱ ያሉባት ትንሽ ከረጢት ናት፤ አንድ ሲኒ ሻይ የማትሞላ። ለዚህች ነው ያቺ ሴት ዕድሜዋን የሰጠችው? አዎ፣ ለዚህች። ራኬብ ቶሎ የምታለቅስ ሰው አይደለችም፣ ግን አፍንጫዋን መጥረግ ነበረባት።

ከቀናት በኋላ ዶክተር ጁወይሪያ ጣቢያው መጣች። ትንሽ ቦርሳ ይዛለች።

«ደግፌን ላየው እችላለሁ?»

«ሊመሰክሩበት ነው ሊያስፈቱት?» አለች ራኬብ።

«የሠራውን እናገራለሁ፣ ለምን እንደሠራውም እናገራለሁ። ዛሬ ግን የመጣሁት ለሁለቱም አይደለም።»

ደግፌን አመጡት። ጢሙ አድጓል። ዶክተሯን ሲያይ ቀና ማለት አቃተው። እጇን ዘረጋችለት። እሱም ቀኙን ጨብጦ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ አንጓውን ሰጣት።

«መዳፍህን» አለች።

ራኬብ ቃሉን አወቀችው። ያን ቀን ራሷ የተናገረችው ቃል ነው። ከዚች ሴት አፍ ሲወጣ ግን ሌላ ሆነ።

ደግፌ ቀስ ብሎ መዳፉን ከፈተ። ጁወይሪያ ያረጀውን ጨርቅ በውሃ አርሳ አነሳችለት፣ ከቦርሳዋ ቅባትና ፋሻ አወጣች፣ ቁስሉን ወደ ብርሃኑ አዙራ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ጠርዙ መዝጋት ጀምሯል» አለች። «አልፊያም ዛሬ ትኩሳቷ ወርዷል። የዓለም ደም ደግሞ ትናንት ክፍላችን ገብቷል። ሕዋሶቿ ለሥራው ይሆናሉ።»

ደግፌ ጭንቅላቱን ነቀነቀ።

«ማነው የሚሞላላት?» አለ በመጨረሻ። «ናይትሮጅኑን። እኔ ሳልኖር ማነው የሚሞላላት?»

«እኔ» አለች ጁወይሪያ፣ ፋሻውን እየጠቀለለችለት። «ጓንት አድርጌ።»